የሰባቱ ሆስፒታሎች ዕጣ

ፀሐይ ከጎልባ ተራራ ጀርባ ገብታ፣ የከተማችን ውሾች የማታ ጉባኤያቸውን ገና ሳይከፍቱ፣ እኔ ዶክተር ደምመላሽ በሳሎኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የአገራችን የሕክምና ምርምር ወዴት እየሄደ ነው እያልኩ በብርቱ አዝን ነበር። ማዘኔ እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢዬን መዋሸት ስለማልወድ ሁሉንም ልናገር፤ ከዚያ ሐዘን ውስጥ ሲሶው ለአገር ሲሆን የቀረው በሥራ ባልደረባዬ በዶክተር የትምወርቅ መቅናት ነበር።

እኔ ማን እንደሆንኩ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ መኖሩንም እጠራጠራለሁ፣ የጎልባ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ይበልጣል፤ በአፍሪካም ቢሆን አቻውን ለማግኘት ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። ጨቅሎቹ ባንድ ላይ ሲያለቅሱ ድምፃቸው እስከ መናኸሪያው ይሰማል፤ እኔ እጄን ጣል ሳደርግባቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህን ነርሶቹ ይመሰክራሉ፤ የማይመሰክሩም ካሉ በዕለቱ ፈረቃ ያልነበሩ ናቸው።

ያስጨነቀኝ ነገር እንዲህ ነው። የጨቅላ ሕፃን ደም ሲመረዝ መርፌ እንሰጠዋለን። እስከ መቼ እንስጠው የሚለውን ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም፤ ከፊላችን አንድ ሳምንት ይበቃል እንላለን፣ ከፊላችን ሁለት ሳምንት ካልሞላ አንለቅም እንላለን። ጥያቄው ለሰሚ ትንሽ ይመስላል። ከሩቅ ገጠር መጥታ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ለምትተኛ፣ ቤት የተዋቻቸውን ልጆች ማን እያበላቸው እንደሆነ ለማታውቅ እናት ግን ያቺ ሁለተኛዋ ሳምንት አንድ ዓመት ናት። ሳይበቃው ለተሰናበተ ሕፃን ደግሞ ያቺው ሳምንት ነፍስ ናት። መልሱን ለማግኘት ብዙ ጨቅሎችን በዕጣ በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን አንድ ሳምንት፣ ግማሾቹን ሁለት ሳምንት አክሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚበቃ ሕፃን ደግሞ አንድ ሆስፒታል ብቻውን፣ የእኔን የሚያህል ቢሆን እንኳ፣ አያገኝም።

ዶክተር የትምወርቅ ይህን ጥናት በሰባት ሆስፒታሎች ባንድ ጊዜ ለማካሄድ ፕሮፖዛል ጽፋ፣ ከውጭ አገር ለሚገኝ ለጋሽ ድርጅት ለማቅረብ አዘጋጀች። ዋና ተመራማሪዋ እርሷ ናት። ከሰባቱ ስድስቱ ፈርመዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ማመልከቻው የሚዘጋው በማግሥቱ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጎልባ ካልገባች የሕፃናቱ ቁጥር ለጋሹ ከሚጠይቀው በታች ይወርድና ፕሮፖዛሉ ሳይነበብ ይወድቃል። ይህን አውቃለሁ፤ ማወቄም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔና የትምወርቅ የሕክምና ትምህርት የተማርነው ባንድ ክፍል ነው። እርሷ አንደኛ ወጣች፤ እኔ በግማሽ ነጥብ ተበልጬ ሁለተኛ ሆንኩ፣ ያም ግማሽ ነጥብ እስከ ዛሬ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዘኛል። ከዚያ በኋላ እርሷ በራዲዮ ትጠየቃለች፤ እኔን የራዲዮ ሰዎች አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ የመናኸሪያውን መንገድ ነው። ፕሮፖዛሏ ሲደርሰኝ ስሕተት ፍለጋ፣ በተላጨ ራስ ላይ ቅማል እንደሚፈልግ ሰው፣ መስመር በመስመር አሰስኩት። አንድም አጣሁ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ያቃጠለኝም እርሱ ነው።

ያን ዕለት ማታ ስልኬ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ባለቤቴ ውብአንቺ፣ የሒሳብ መምህርት ናት፣ ስልኩን አንሥታ አየችና፣ «ያቺ የሥራ ባልደረባህ ናት። አታነሳላትም?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነው በያት።»

«ሶፋ ላይ ነህ እኮ።»

«እያሰብኩ ነው።»

«ቅናት ማሰብ ከተባለ አንተን የሚያህል ፈላስፋ የለም» አለችና ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ስልኩ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ዝም አለ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንቅልፍ ይሁን ሰመመን ሳይለይልኝ፣ የሳሎኑ ጣሪያ እንደ መጋረጃ ተገፎ፣ ግድግዳው ወደ አራቱም ማዕዘን ሸሽቶ፣ ራሴን ጫፉ በማይታይ ሜዳ ላይ ቆሜ አገኘሁት። ሰው በራእይ ሲወሰድ መልአክ ይቀበለዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ለእንደኔ ያለው ሰውማ ከሁለት ባያንስ ነው ብዬ የኮቴን አዝራር ቆልፌ ጠበቅኩ። የመጡት ግን የሞቱት መምህራችን ፕሮፌሰር ክንፈሚካኤል ሆኑ፤ ያው በሕይወት ሳሉ የሚለብሱትን ክርኑ የሳሳ ነጭ ገዋን ለብሰው፣ ያቺኑ ጠመኔ በጣታቸው መሐል እያንከባለሉ።

«አንተ ሁለተኛው፣ ና ተከተለኝ» አሉኝ።

ሰው ሞቶም ውጤት አይረሳም ማለት ነው። እጅ ነሥቼ፣ ያሉበት አገር እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጸጥታ እንዳለ፣ የፋኩልቲ ስብሰባም እንደሌለ ነግረውኝ ቀደሙ፤ እኔም ተከተልኩ።

በሜዳው ላይ እንደ ድስት የተደፉ ኮረብታዎች ተራርቀው ቆመዋል። በየኮረብታው አናት አንድ አንድ ሆስፒታል አለ፤ በየሆስፒታሉ ዙሪያ የግንብ አጥር፣ ባጥሩም በር ላይ ከሕንፃው የሚበልጥ ሰሌዳ ተሰቅሎ የአንድ አንድ ሐኪም ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ከስሙም በታች «ዋና ተመራማሪ» ይላል። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚያደርስ መንገድ የለም፤ የነበረው በሾህ ተሸፍኖ የአቃቅማ ዱር ሆኗል። በየሰገነቱ ላይ ሐኪሞቹ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ሥራ እየተዉ በመነጽር የጎረቤታቸውን ሰሌዳ ይለካሉ። አንዱ በጎረቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ክንድ ተጨምሮ ያየ እንደሆነ፣ የመድኃኒት ክፍሉን ጣውላ አስነቅሎ በራሱ ላይ ሁለት ክንድ ያስጨምራል። እውነቱን ለመናገር፣ ቦታው በጣም ተስማማኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ይህ አገር ማን ይባላል?» አልኩ።

«የዋናዎች አገር ይባላል። እዚህ ሁሉም ዋና ነው፤ ተከታይ የሚባል የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምን ጥፋት አለው?»

«አፍህን ይዘህ ተመልከት» አሉኝ፤ በክፍል ውስጥም እንዲህ ነበር የሚሉኝ።

ተመለከትኩ። አንዲት እናት ጨቅላዋን በነጠላ ጠቅልላ ከመጀመሪያው ኮረብታ ሥር ደረሰች። ልጇ እንደ እሳት ይግላል። ሐኪሙ ከሰገነቱ ሳይወርድ፣ በእኔ ጥናት መሠረት መርፌው አንድ ሳምንት ይበቃዋል ብሎ ጮኸላት። ስንት ሕፃን አይተህ ነው ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም በኩራት፣ በጣቶቼ ብቆጥራቸው ጣት ይተርፈኛል አላት። ሴትዮዋ አላመነችውም፤ እሾኹን እየጣሰች ወደ ሁለተኛው ሄደች። ያኛው ሁለት ሳምንት ነው፣ ጎረቤቴ የሚለው ውሸት ነው አላት። ሦስተኛው ደግሞ፣ እርሱ ጎበዝ ተናጋሪ ነበር፣ የልጁ ልቅሶ ለጆሮው እስኪጥም ድረስ መርፌው አይቆምም አላት። እናቲቱ እግሯ እየደማ በሜዳው መካከል ቆመች።

«እናንተ ጌቶች» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አታውቁም?»

ከየሰገነቱ የተመለሰላት አንድ ቃል ነበር፤ «ከማን ጋር?» የሚል።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ ከፍ ያለ ኮረብታ ከፊታችን ተገለጠ፣ በላዩም ያለው ሰሌዳ የሌሎቹ ሁሉ ተደምሮ አንድ ላይ ቢሰፋ የማያህለው ነበር። ስሙን አነበብኩ። የእኔ ስም ነው። ፕሮፌሰሩን በጎን እያየሁ፣ የየትምወርቅ ኮረብታ የትኛው እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኩ። ያቺ ትንሿ ናት አሉኝ፤ ሄጄ ለካሁት፣ እውነትም ከእኔ ታንሳለች። በዕድሜዬ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ግቢዬ ስንገባ እናቶች ጨቅሎቻቸውን የማለዳ ፀሐይ ሊያስመቱ ወጥተው አየን። ሰሌዳው ግን ፀሐይዋን ከልሎ በግቢው ሁሉ ላይ ጥላውን ጥሏል፤ እናቶቹም ከጥላው ዳር ዳር የምትገኘውን ጠባብ ብርሃን እየተከተሉ፣ ልጆቻቸውን እንደታቀፉ ይሰደዳሉ። አንዷ ቀና ብላ፣ ይሄ ስሙ የተጻፈው ሰው ማን ይሆን ብላ ጠየቀች።

«የሞተ ሰው ይሆናል» አለቻት ጓደኛዋ። «በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል አያስጽፍም።»

ፕሮፌሰሩ ጠመኔያቸውን እያንከባለሉ ቀደሙ። ወደ ውስጥ ገባን። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ባንድ ጥግ፣ በአልጋ አጠገብ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ቆሟል፤ እኔው ራሴ ነኝ፣ ትንሽ ወፍሬአለሁ። አልጋው ላይ ያለው ሕፃን አንድ ሳምንት ታክሞ፣ ድኗል ተብሎ ተሰናብቶ፣ ተመልሶ የመጣ ነው። አይንቀሳቀስም። እናቱ እጁን ይዛ እኔን ትመለከታለች። እኔ ግን፣ ያ የሸበተው እኔ፣ ሕፃኑን አላይም፤ በእኔ ጥናት መሠረት እያልኩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀቴን ነው የማየው።

«ሳምንቱ አንሶት ነው?» አልኳቸው ፕሮፌሰሩን።

«አታውቅም» አሉኝ። «አንሶት ይሁን፣ ሁለት ሳምንት ቢቆይም የማይተርፍ ይሁን አታውቅም። እሷም ዕድሜ ልኳን አታውቅም። እየጠየቀች ትኖራለች። አገሩ ይኸው ነው፤ ሰሌዳ አለ፣ መልስ የለም።»

ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ስወጣ ሰሌዳዬን ቀና ብዬ አላየሁም፤ ይህን ለማመን ለሚከብደው አንባቢ አዝንለታለሁ።

ቁልቁል ወርደን አንድ ወንዝ ተሻገርን። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ኮረብታ የሌለው፣ ለጥ ያለ፣ ሆስፒታሎቹ በእርሻው መካከል እንደ ጎረቤት ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት ነበር። ባጥር ፋንታ የጥድ ተክል፣ ከበር ወደ በር የሚያደርስ የተጠረገ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ የደም ናሙና የያዘ የበረዶ ሣጥን የተሸከሙ ሞተረኞች ሲመላለሱ ይታያሉ። የማንም ሐኪም ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። ግራ ገብቶኝ፣ ታዲያ እዚህ ሰው ትልቁን ከትንሹ በምን ይለየዋል ብዬ ጠየቅኩ። ፕሮፌሰሩ ወደ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ አስገቡኝ።

በአዳራሹ ውስጥ የሰባቱ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የእናቶች ተወካይ የሆነች ደርባባ ሴት አለች፤ ንግግር የሚከፈተው በእርሷ ነው፣ ሐኪሞቹ ምን እንዲያጠኑላት የምትጠይቀውም እርሷ ናት። ጥያቄዋን ተናግራ ስትጨርስ፣ አንዱ ሐኪም የቀዶ ጥገና ቆብ አወጣ፤ በውስጡም የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። እንደ ዕቁብ ያለ ነገር ነበር።

«ምን እየተካፈሉ ነው?» አልኩ።

«ዋናነቱን» አሉኝ ፕሮፌሰሩ። «ለጋሾቹ አንድ ኃላፊ ይፈልጋሉ፤ ተገቢ ነው፣ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ማን ይሁን የሚለው ግን እዚህ አያጣላም። ዕጣ ይወጣል። የወጣለት አንዱን ጥናት ይመራል፤ ሪፖርቱን ይጽፋል፣ ለጋሹ ሲቆጣ ስልኩን ያነሳል፣ ሌሎቹ ሕፃናቱን ያመጣሉ። አንዴ የወጣለት የሁሉም ተራ ሳይደርስ ተመልሶ አይገባም።»

«ለጥናት ፈቃድ የሚሰጠው የሥነ ምግባር ኮሚቴስ? በእኛ አገር አንዱ ሲፈቅድ ሌላው እየያዘ ማመልከቻ ያረጃል።»

«አንድ ኮሚቴ ያየዋል፤ ሰባቱም ያምኑታል። ያልተማመነ ሰው ሰባት ጊዜ ቢፈትሽም አያምንም።»

«ዕጣው የደከመ ሰው ላይ ቢወድቅስ?»

«ይደግፉታል። ዕቁብ የደረሰውን ሰው ብቻህን ተሸከም ይሉታል እንዴ?»

አንድ ሺህ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ አንድ ሺህ መልስ ሰጡኝ፤ ሁሉን ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። ጆሮዬ እየሰማ ዓይኔ ግን አንድ ሰው ይፈልግ ነበር፣ አገኘኋትም። የትምወርቅ ከክቡ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የበረዶ ሣጥን በጉልበቷ ይዛ፣ ከጎኗ ካለው ሐኪም ጋር ትስቃለች። ዋና አይደለችም። የዚያ ዓመት ዋና ሌላ ነበር፤ እርሷ ደም አመላላሽ ናት። ግን ትስቃለች፤ ከልቧ ነው የምትስቀው። በራዲዮ ስትናገር ያልቀናሁባትን ያህል በዚያ ሣቋ ቀናሁባት። ከዚያም ቅናቴ ከእርሷ አልፎ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ ሞተረኞቹ፣ ከሞተረኞቹ ወደ መላው አገር ተስፋፋ፤ ሰው በሰው ይቀናል፣ እኔ ግን በአገር ቀናሁ።

«እሷማ ተማሪ ሳለችም እንዲህ ነበረች» አሉኝ ፕሮፌሰሩ፣ ሳልጠይቃቸው። «ጎበዝ ልጅ።»

«እኔስ ፕሮፌሰር?»

«አንተም ጎበዝ ነበርክ። ግን ፈተና ላይ የራስህን ትተህ የሷን ፊት ታያለህ፤ ግማሽ ነጥቧ የሄደችው በዚያ ነው።»

ይህ ሲያመኝ ጊዜ ድፍረት መጣልኝ። ነገሩ ለሌላው ደግ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን እንደኔ ያለውን፣ ስንት ሕፃን ያዳነውን፣ በአፍሪካ አንደኛ የሆነ ክፍል የሚመራውን ሰው ከሌላው ጋር በቆብ ውስጥ ጠቅልሎ ማማሰል ውርደት አይሆንም ወይ ስል ተሟገትኩ። ደኅና አድርጌ ተናገርኩ፤ አዳራሹ ሳይሰማኝ አልቀረም። ፕሮፌሰሩ እስክጨርስ ጠበቁ።

«ከዚህ ቀደም አንድ የመድኃኒት ጥናት ሠርተሃል አይደል? እናቶቹን እንዴት ነበር የመደብካቸው?»

«በዕጣ ነዋ። ሌላ መንገድማ አድልዎ ነው።»

«የሚያንገራግሩ አልነበሩም?»

ነበሩ። አንዲት እናት፣ ዶክተር፣ ለኔ ልጅ የሚሻለውን ለምን አንተ አትመርጥልኝም ብላኝ ነበር። ምን እንደመለስኩላት ትዝ አለኝ፤ መልሴ እጅግ ያማረ ስለነበር ነርሶቹ ከሥራቸው ቆመው ነው ያዳመጡኝ። እናቴ፣ የሚሻለውን አላውቅም፤ ባውቅ አልደብቅሽም፤ የማናውቅ ሰዎች ሁላችንም እኩል ነንና ዕጣ አያዋርድሽም፣ የልጅሽ ዕጣ ለነገ ልጆች ሁሉ መልስ ይሆናል ብያት ነበር። ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ልጇን ሰጠችኝ። ይህን ለፕሮፌሰሩ ቃል በቃል፣ ምናልባትም ትንሽ አሳምሬ፣ ነገርኳቸው።

«መልካም ብለሃል» አሉ። «እሷ የሰጠችህ ልጇን ነው። አንተ የተጠየቅከው ስምህን ነው።»

ስለ አፍሪካ አንደኛነቴ ዳግመኛ ሳላነሣ የኮቴን አዝራር ፈታሁ። ይህ በእኔ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው፤ ባለቤቴን ጠይቁ።

ፕሮፌሰሩ ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። በሰባቱም ሆስፒታሎች በር ላይ፣ የእኛ አገር ሰሌዳ በሚሰቀልበት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ቀድሞ እግሯ ሲደማ ያየናት ያቺ እናት ከፊቱ ቆማ ታነባለች፤ አንብባም ያለ ጭንቀት ልጇን ይዛ ገባች። ሁለተኛው በር ላይም ያው ነው፣ ሦስተኛው ላይም። ጽሑፉ የጥያቄያችን መልስ ነበር፤ አንድ ሳምንት ወይስ ሁለት ሳምንት እንደሆነ ተጽፏል። ላነብ ተንደርድሬ ስሄድ ፕሮፌሰሩ በጠመኔ የነጣ መዳፋቸውን ጽሑፉ ላይ ጋረዱብኝ።

«አንዴ ብቻ ልየው» ብዬ ለመንኳቸው። «ለሰው አልናገርም።»

«ትናገራለህ፤ አውቅሃለሁ። ይህ ኩረጃ ነው፤ ሠርታችሁ እወቁት» አሉኝና በዚያው መዳፍ ግንባሬን ገፋ አደረጉኝ፤ ወደ ኋላ ስወድቅ ከሶፋዬ ላይ ወደቅኩ።

ነግቷል። ውብአንቺ ጋቢ አልብሳኝ ኖሮ ከጋቢው ጋር ተጠቅልዬ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ከየት ነው የወደቅከው ብትለኝ፣ ከሩቅ ነው ብያት፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ የስምምነቱን ፊርማ ለየትምወርቅ ልኬ ደወልኩላት። አንዴ እንደጠራ አነሣችው።

«ይህን ያህል ቀን አስለምነኸኝ በማለዳ ትፈርማለህ? ምን ሆነህ ነው?» አለች።

ፊርማው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ እንደሆነ፣ የምለውን ባትቀበለውም መልሼ እንደማልወስደው አስቀድሜ ነገርኳት። ከዚያ ያየሁትን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ በመጨረሻም ዋናነቱ በሰባታችን መካከል በዕጣ እንዲሆን ጠየቅኳት። ፕሮፖዛሉን ብቻዋን ሌት ተቀን ደክማ እንደጻፈችው፣ ስድስታችንንም ደጅ ጠንታ እንደሰበሰበች አስታወሰችኝ፤ እውነቷን ነው። ዕጣው ላንተ ሲወጣ ነው ያየኸው አይደል ብላም ጠረጠረችኝ።

«ዕጣውን አላየሁም» አልኳት። «ግን የትምዬ፣ ስንት እናት ነው ዕጣ ያስወጣነው? ልጃቸውን ሰጥተውናል። እኛ የተጠየቅነው ስም ነው።»

«ይሄ ያንተ አነጋገር አይደለም፤ የፕሮፌሰር ክንፈሚካኤል ነው።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ እኔስ ምንም አላሉም?» አለችኝ።

«ጊዜ አልነበረንም» አልኳት። አንባቢዬን አልዋሽም አልኩ እንጂ እርሷን አልዋሽም አላልኩም።

እኩለ ቀን ላይ ሰባታችንም በቪዲዮ ስልክ ተገናኘን። ለጋሹ ለዋናነት የሚጠይቀውን የትምህርትና የልምድ መስፈርት ሁላችንም እናሟላ ስለነበር ሁላችንም ገባን። የትምወርቅ ሰባቱን ስሞች በቀዶ ጥገና ቆብ ውስጥ ጨመረችና፣ ልጇን ታቅፋ በኮሪደሩ የምታልፍ አንዲት እናት ጠርታ አንዱን እንድታወጣ ለመነቻት። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ተነገራት፤ በደንብ አማስላ አወጣች። እኔ በዚያች ቅጽበት ሰባት ስእለት ተሳልኩ። የወጣው ስም ግን የእኔም የእርሷም አልነበረም፤ በደቡብ ቆላ ያለው የዶክተር ኦርካይዶ ሆነ። ኦርካይዶ በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምተን የማናውቀው፣ እኔ በበኩሌ ከሰባቱ ሁልጊዜ የምረሳው ሰው ነው። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ፣ «ሌላ ኦርካይዶ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

የለም አልነው። የቀረውን ቀን ፕሮፖዛሉን በእርሱ ስም ስናስተካክል ዋልን፤ የትምወርቅ የጻፈችውን አስረከበችው፣ እኔ የጎልባን ድርሻ ሞላሁ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተላከ። ከዚያ የትምወርቅ ደወለችልኝ። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ስለ አየሩ ሁኔታ አወራን።

«ደምመላሽ፣ ቀንተሃል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንጀቴ አርሯል። አንቺስ?»

«እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም» አለችና ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እርሷ ባንድ ሰው ላይ አብረን ቀናን፤ ቅናትን ያህል ነገር ሲጋሩት እንደሚቀል ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

ለጋሹ እሺ ይበል እምቢ ይበል ገና አልተሰማም። እኔ ግን ያየሁትን ለመናገር ተነሥቻለሁ፤ በሆስፒታሉ ስብሰባ ተናግሬአለሁ፣ በሠርግ ቤት ተናግሬአለሁ፣ በታክሲ ውስጥ ሳይጠይቁኝ ተናግሬአለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ይኸው ጻፍኩት። በመካከሉ አንዳንድ ነገር አሳድጌ ይሆናል፤ ያ ሰሌዳ ምናልባት እንዳልኩት ያህል ላይረዝም ይችላል። ባለፈው ሳምንት በዎርዱ አንዲት አራስ፣ ልጇ መርፌ በጀመረ በማግሥቱ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ ፕሮፌሰሩም ሰሌዳውም ሳይደንቃት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ የትኛው ነው ዶክተር? አንድ ሳምንት ነው ሁለት?»

ነርሶቹ መልሴን ሊሰሙ ከሥራቸው ቆሙ።

«አላውቅም እናቴ» አልኳት። «ሰባት ሆነን ልንጠይቅ ነው።»